ቢሊዮን ጊዜ የወረደ አፕ፣ ባለቤት ያጣ ቀዳዳ፦ የሼርኢት ጉዳይ

ደብረ ብርሃን ላይ አዲስ ስልክ ገዝቶ ሼርኢት ወይም ዜንደር ሳይጫንለት ከሞባይል ቤት የሚወጣ ሰው የማይገኝበት ዘመን ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፓኬጅ ውድ ነው፣ ኔትወርኩም አንዳንዴ አለ አንዳንዴ የለም፣ ስለዚህ መዝሙሩም፣ ፊልሙም፣ የመጽሐፍ ቅዱስ አፑም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ሞጁልም ከስልክ ወደ ስልክ ነው የሚተላለፈው። ከመሐል ሜዳ፣ ከእነዋሪ፣ ከአንኮበር ለገበያ የመጣ ሰው እግረ መንገዱን ሞባይል ቤት ጎራ ይልና "ጥሩ ጥሩ አፕ ጫንልኝ" ይላል፤ ልጁም ከራሱ ስልክ ላይ አንድ በአንድ ይልክለታል። ሼርኢት ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነበር ማለት ይቻላል። ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ኬብል፣ ሁለት ስልኮችን በዋይፋይ አገናኝቶ ትልልቁን ፋይል በደቂቃ ውስጥ ያሻግራል። ሰው ቢወደው አይፈረድበትም።

እዚህ የማነሳው በየካቲት 2013 ዓ.ም. ይፋ የወጣውን የሼርኢት የደህንነት ክፍተት ነው። ቴክኒኩን ባጭሩ አስረዳለሁ፤ ዋናው ነገሬ ግን ሌላ ነው። በዚያ ጉዳይ ውስጥ የአፑን ባለቤት በስሙም፣ በአድራሻውም፣ በአካውንቱም የሚያውቅ፣ "አስተካክል፣ ካልሆነ አዲስ ስሪት አታወጣም" ሊለው የሚችል አንድ ወገን ብቻ ነበር። እሱም ስቶሩ ነው፣ አፑ የሚወርድበት የጉግል ፕሌይ ስቶር። ሕዝቡ ግን ስለ ክፍተቱ የሰማው ከስቶሩ አይደለም።

ሼርኢት የተወለደው ሌኖቮ በሚባለው የቻይና ኩባንያ ውስጥ ነው። በኋላ ራሱን ችሎ ወጣና ሲንጋፖር ባለ ስማርት ሚዲያ ፎር ዩ በሚባል ኩባንያ ሥር ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ፕሌይ ስቶር ላይ ያለው ገጹ ከ1 ቢሊዮን በላይ ጊዜ እንደወረደ ያሳይ ነበር። ይህ ቁጥር ራሱ ማስታወቂያ ነው። ሰው ገጹን ሲያይ "ይሄን ሁሉ ሰው ካወረደውማ" ብሎ ይጭነዋል፣ ስቶሩም ይህንን አሳምሮ ስለሚያውቅ ነው ቁጥሩን ከላይ የሚያስቀምጠው።

ከዚያ በፊትም አንድ ታሪክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ሬድፎርስ የሚባል የደህንነት ቡድን በሼርኢት ላይ ሁለት ከባድ ክፍተቶች አገኘ። አንዱን ሲያነቡት ያስደነግጣል። አፑ ፋይል ሲልክ ስልኩ ላይ ትንሽ ሰርቨር ይከፍታል። ያልተፈቀደለት ሰው ከዚያ ሰርቨር የሌለ ገጽ ቢጠይቅ አፑ "የለም" ማለት ሲገባው ባዶ ገጽ ይመልስና ጠያቂውን ከታወቁት መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባዋል። አለቀ፣ በሩ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ክፍተት ፋይል መልቀም ይቻላል። ተመራማሪዎቹ ሲሞክሩት ከ8 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ወደ 3,000 ፋይሎች፣ 2 ጊጋባይት ገደማ አውርደዋል። አጥቂው የሚያስፈልገው በዚያው ዋይፋይ ላይ መሆን ብቻ ነው። መናኸሪያ ውስጥ ወይም ዶርም ውስጥ ፋይል ስትላላኩ ያለውን ሁኔታ አስቡት። ክፍተቱ እ.ኤ.አ. በማርች 2018 ተደፈነ፤ ተመራማሪዎቹ ግን ብዙ ሰው ገና አሮጌውን ስሪት ይይዛል ብለው ሰግተው ዝርዝሩን ይፋ ያደረጉት በ2019 ፌብሩዋሪ ነው። ወደ አንድ ዓመት ያህል ጠበቁ ማለት ነው። ሰው አፕዴት እስኪያደርግ የሚጨነቁት ከውጭ ያሉ ተመራማሪዎች መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ትሬንድ ማይክሮ የሚባለው የደህንነት ኩባንያ የአንድሮይዱን ሼርኢት መርምሮ በርካታ ክፍተቶች አገኘ። በቀላል አማርኛ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስልኩ ላይ ያለ ማንኛውም ሌላ አፕ የሼርኢትን የውስጥ ክፍሎች፣ ለውጭ ያልታሰቡትን ጭምር፣ ማስከፈት ይችል ነበር። ሁለተኛ፣ የፋይል ማጋሪያው ክፍል የተሰጠው ቦታ ከመጠን በላይ ሰፊ ስለነበር ሌላ አፕ የሼርኢትን የግል ፋይሎች ማንበብ ብቻ ሳይሆን በላያቸው ላይ መጻፍም ይችላል፤ መጻፍ ከቻለ ደግሞ የራሱን ኮድ አስገብቶ በሼርኢት ስም ማሠራት ይችላል። ሦስተኛ፣ ሼርኢት ጌምና ሌሎች አፖችን አውርዶ የሚጭንበት መንገድ ነበረው፤ የሚያወርደውን ፋይል የሚያስቀምጠው ግን የሚሞሪ ፈቃድ ያለው ሁሉ በሚደርስበት ቦታ ነው። አንድ ተንኮለኛ አፕ እዚያ ጠብቆ፣ ፋይሉ ወርዶ ሳይጫን በፊት በራሱ ይቀይረዋል። ተጠቃሚው ጌም የጫነ ይመስለዋል።

ይህ ሁሉ የሚከብደው ሼርኢት ከሚጠይቀው ፈቃድ አንጻር ነው። ፋይሎችን በሙሉ፣ ካሜራ፣ ማይክሮፎን፣ ቦታ፣ ሌላም ብዙ። በቀዳዳው የገባ ሰው እነዚህን ሁሉ ፈቃዶች ይወርሳል። ተጠቃሚው "ፍቀድ" ሲል የፈቀደው ለሼርኢት ነበር።

ትሬንድ ማይክሮ ለአፑ ባለቤት አሳወቀ። መልስ የለም። ሦስት ወር ጠበቀ። መልስ የለም። ከዚያ የካቲት 8 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2021፣ ብዙ ተጠቃሚ ሊጎዳ ስለሚችል ከዚህ በላይ አንጠብቅም ብሎ ዝርዝሩን በይፋ አወጣው። ጉግልም እንዲያውቀው መደረጉን እዚያው ጽፏል። ወሬው በየሚዲያው ሲራገብ ሼርኢት መግለጫ ሰጠ። ስለ ክፍተቱ ያወቅነው ፌብሩዋሪ 15 በወጣው ሪፖርት ነው፣ በፍጥነት አጣርተን ፌብሩዋሪ 19 ማስተካከያ አውጥተናል አለ።

አራት ቀን።

እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሦስት ወር ሙሉ ያልተሠራ ሥራ፣ ሰው ሁሉ ሲያውቀው በአራት ቀን አለቀ። ስለዚህ ችግሩ የአቅም አልነበረም። ደግሞም ሁለቱ ወገኖች የሚሉት አይገጥምም። አንዱ "ከሦስት ወር በፊት ነግሬያለሁ" ይላል፤ ሌላው "ገና ዛሬ ሰማሁ" ይላል። ኢሜይሉ የማይከፈት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ሆን ተብሎ ችላ ተብሎም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ማንንም ውሸታም ለማለት አልተነሳሁም። ነገር ግን እንዲህ ዓይነት ክርክር ጭራሽ ሊነሳ ባልተገባ ነበር። መሐል ላይ ሁለቱንም የሚያውቅ ወገን አለና። ስቶሩ የገንቢውን፣ ማለትም የአፑን ሠሪ፣ የሚሠራ አድራሻ ይዟል፤ ማስታወቂያና ሽያጭ ካለ የባንክ ሂሳቡንም ያውቃል፤ አዲስ ስሪት የሚወጣውም በእሱ በኩል ነው። ከውጭ ያለ ተመራማሪ በሩን ቢያንኳኳ ላይከፈትለት ይችላል፣ ስቶሩ ሲያንኳኳ ግን የማይከፍት ገንቢ የለም።

"የስቶሩ ሥራ አይደለም" የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ግን ጉግል ራሱ ሥራዬ ነው ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 በፕሌይ ስቶር አፖች ላይ ክፍተት ለሚያገኙ ተመራማሪዎች ሽልማት የሚሰጥ ፕሮግራም ጀመረ። በ2019 ኦገስት ደግሞ አሰፋው፤ 100 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ጊዜ የወረደ አፕ ሁሉ ይካተታል፣ ገንቢው የራሱ ፕሮግራም ባይኖረው እንኳ ክፍተቱን ለገንቢው በአግባቡ በማሳወቁ እኛ እናግዛለን አለ። ሼርኢት የዚያን መስፈርት አሥር እጥፍ ያሟላ ነበር። ከዚያ ውጭም ፕሌይ ስቶር አፖችን ራሱ እየፈተሸ የታወቁ ስህተቶች ሲያገኝ ለገንቢው ቀን ቆርጦ የሚያሳውቅበት አሠራር አለው፤ በቀኑ ካላስተካከለ አዲስ ስሪት ማውጣት ይከለከላል። በ2019 በሰጠው መረጃ በዚህ መንገድ ከ300,000 በላይ ገንቢዎች ከ1,000,000 በላይ አፖችን አስተካክለዋል። ጥሩ ሥራ ነው፣ ምስጋና ይገባዋል። ግን ገመዱም ጅራፉም እጁ ላይ እንዳለ የሚያሳየው ይሄው ነው። (የሽልማት ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 2024 ተዘግቷል። ያሳዝናል።)

አንድ ሌላ ነገር ላንሳ፤ ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚቆጠቁጠኝ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢፒክ ጌምስ ፎርትናይት የሚባለውን ጌም ለአንድሮይድ ሲያወጣ ፕሌይ ስቶርን ዘሎ ከራሱ ድረ ገጽ ማውረድን መረጠ፤ 30 በመቶውን ኮሚሽን አልከፍልም ብሎ። የጉግል ባለሙያዎች የጌሙን መጫኛ ፈተሹት። ያገኙት ክፍተት ከላይ በሦስተኛ ከጠቀስኩት የሼርኢት ክፍተት ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የወረደውን ፋይል ሌላ አፕ መሐል ላይ ሊቀይረው ይችላል። ኦገስት 15 አሳወቁ፣ ኢፒክ በሁለት ቀን ውስጥ አስተካከለ፣ ተጠቃሚዎች አፕዴት እስኪያደርጉ 90 ቀን ጠብቁን ብሎም ለመነ፤ ጉግል ግን ማስተካከያው ከወጣ ሰባት ቀን ካለፈ ይፋ ይሆናል የሚል ደንብ አለኝ ብሎ ኦገስት 24 አወጣው። ሁለቱ ጉዳዮች አንድ አይደሉም፣ ይሄን መካድ አልፈልግም፤ የፎርትናይቱን ያገኘው ጉግል ራሱ ነው፣ ይፋ ሲሆንም ማስተካከያው ወጥቶ ነበር። ቢሆንም ከስቶሩ ውጭ ያለ አፕ ላይ እንዲህ ፈጥኖ ሕዝብ እንዲያውቅ ያደረገ ድርጅት፣ ራሱ ገጽ ሰጥቶ፣ ደረጃ ሰጥቶ፣ ቢሊዮን ጊዜ ያስወረደው አፕ ላይ ቢያንስ ያንኑ ያህል መፍጠን አለበት። ከታርማበር ቁልቁል የሚወርድ ሚኒባስ ፍሬኑ እንደማይሠራ የተነገረው ተራ አስከባሪ፣ ኮቴውን ተቀብሎ ተሳፋሪ እየጫነ "ጥገናው የባለመኪናው ጉዳይ ነው" ቢል ማንም አይቀበለውም።

አሁን ይሄ ነገር ሰሜን ሸዋ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የሩቅ አገር ጸሐፊዎች የሚዘሉት ይሄንን ነው።

ማስተካከያው የካቲት 12 (ፌብሩዋሪ 19) ወጣ። የደረሰው ግን አፕዴት ለሚያደርግ ሰው ነው። እኛ ጋ አፕዴት የሚያደርግ ስንቱ ነው? ብዙ ሰው ፓኬጁን እንዳይበላበት አውቶማቲክ አፕዴትን አጥፍቶታል፤ ሞባይል ቤቱ ራሱ አጥፍቶ ነው የሚሰጠው። ሼርኢት ደግሞ ራሱን በራሱ ያባዛል፤ አንዱ ስልክ ላይ ያለው ስሪት ወደ ሌላው እንዳለ ይገለበጣል። ደብረ ሲና ላይ ከአንድ ዓመት በፊት የወረደ አሮጌ ስሪት ሸዋ ሮቢት፣ ከዚያ አጣዬ ይደርሳል፣ ከነቀዳዳው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ ደግሞ አፕዴት የሚባለው ነገር ጨርሶ ቆመ፤ በእጅ መላላኩ ግን ቆሞ አያውቅም፣ እንዲያውም ሌላ መንገድ አልነበረም።

"ታዲያ ስቶሩ በእጅ የተገለበጠውን ምን ያድርገው?" ይባላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱን በሞባይል ቤት በር ላይ ቆሞ መስማት ይቻላል። ከደነባ የመጡ አንዲት እናት ስልካቸውን ለጠጋኙ ልጅ ሰጥተው፣ ውጭ አገር ላለች ልጃቸው መደወያ አፕ እያስጫኑ ነበር።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ደህና ነው? ስልክ ያበላሻል ይላሉ" አሉት።

"እናቴ ምንም አይስጉ፣ ከፕሌይ ስቶር የወረደ ነው" አላቸው።

ልጁ አልዋሸም። የመጀመሪያው ቅጂ የመጣው ከዚያ ነው። ዋስትናው የሚተላለፈው ከፋይሉ ጋር ነው፤ ሰው ለሰው ሲያቀብል "ከፕሌይ ስቶር ነው" የሚለውን ቃልም አብሮ ያቀብላል። ስቶሩ እምነቱን እስከ ደነባ ድረስ እየሸጠ ኃላፊነቱን ግን "ዳውንሎድ" ከሚለው ቁልፍ ላይ ሊያቆመው አይችልም። መሣሪያም አላጣም። ፕሌይ ፕሮቴክት የሚባለው መፈተሻ የጉግል አገልግሎት ባለበት አንድሮይድ ስልክ ሁሉ ላይ አለ፤ አፑ ከስቶር ይምጣ ከሌላ ቦታ ሳይለይ ይፈትሻል፣ አደገኛ ያለውን ያስጠነቅቃል፣ ሲብስም ሥራውን ያስቆማል። ይህ መፈተሻ "ይህ የሼርኢት ስሪት ከባድ ክፍተት አለበት፣ አድስ" የሚል አንድ መስመር ማሳየት የሚከብደው አይደለም። ስልኩ ኢንተርኔት ባገኘባት አንዲት ደቂቃ ይደርሳል። አፕዴቱ ራሱ ብዙ ሜጋባይት ይበላል፣ ማስጠንቀቂያው ግን ጥቂት ፊደል ነው።

ሌላው መከራከሪያ የአፖቹ ብዛት ነው። ሚሊዮን አፕ መስመር በመስመር ማንበብ አይቻልም፣ እውነት ነው፣ ማንም አልጠየቀም። የምጠይቀው በጣም ብዙ ሰው ስለሚይዛቸው አፖች ነው፤ ባለሙያ መርምሮ፣ ማስረጃ አቅርቦ፣ ክፍተቱን ጽፎ ላስረከበባቸው። ሥራው ግማሽ አልቆለታል። በእርግጥ አፑን ወዲያው ከስቶሩ ማንሳትም መፍትሔ አይመስለኝም። ሕንድ በሰኔ 2012 ሼርኢትን ከሌሎች 58 አፖች ጋር አግዳለች፣ ምክንያቷ ግን ከቻይና ጋር ያላት ፖለቲካ ነበር፤ አሜሪካም በ2013 ታኅሣሥ መጨረሻ በትእዛዝ ስሙን ጠርታ ከጥቂት ወራት በኋላ ትእዛዙን ሰርዛዋለች። በዚህ ሁሉ ውስጥ ቀዳዳው አልተደፈነም። መሐል ሜዳ ያለ ተማሪ ሼርኢትን ድንገት ብታሳጣው ሞጁሉን የሚያገኝበትን መንገድ ነው የምታሳጣው።

የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ክፍተቱ ለስቶሩ ሲደርስ ስቶሩ ራሱ ለገንቢው ያስተላልፍ፣ መድረሱንም ያረጋግጥ፣ "አልሰማሁም" የሚባል ነገር ይቅር። ቀን ይቆረጥ፤ ጉግል በራሱ የምርምር ቡድን ለሌሎች ኩባንያዎች የሚሰጠው 90 ቀን አለ፣ እሱ ይበቃል። ቀኑ ካለፈ በአፑ ገጽ ላይ፣ ከውርዶቹ ቁጥር አጠገብ፣ ያልተስተካከለ ከባድ የደህንነት ክፍተት አለበት የሚል ይጻፍ። ዝርዝሩ ለሌባ መንገድ ያሳያል የሚሉ አሉ፤ ቀዳዳው የት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፣ መኖሩን መናገር ይበቃል። ያኔ ሰው ራሱ ይወስናል። ዛሬ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ቦታ በገጹ ላይ የለም። ያለው ከጁላይ 2022 ጀምሮ ግዴታ የሆነው የመረጃ ደህንነት ክፍል ነው፣ እሱንም የሚሞላው ገንቢው ራሱ ነው። የፋየርፎክስ ብራውዘር ባለቤት ሞዚላ በ2023 መጀመሪያ 40 ታዋቂ አፖችን ሲያይ ወደ 80 በመቶ በሚሆኑት ላይ እዚያ የተሞላው ከአፑ የግላዊነት ፖሊሲ ጋር አይገጥምም ነበር።

እንግሊዝ በዲሴምበር 2022 ለአፕ ስቶሮችና ለገንቢዎች የሥነ ምግባር ደንብ አውጥታለች፣ ግን በፈቃደኝነት የሚፈጸም ነው። እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ የሚይዘው መረጃህን የሚሰበስበውንና የሚያቀነባብረውን አካል ነው። ሼርኢትን ብንከስ ሲንጋፖር ያለ ኩባንያ ነው፤ አፑን ያቀረበልን ስቶር ደግሞ "እኔ መረጃህን አልሰበሰብኩም" ብሎ በጎን ሊያልፍ ይችላል። ባለሥልጣኑ መመሪያ ሲያወጣ ይህን በጎን የሚያልፈውን ወገን በስሙ ጠርቶ ቢያስገባው እኔ ከሁሉ በፊት የምጠብቀው ነው። ከገንቢው ይልቅ ስቶሩን ማግኘት ይቀላል።

እስከዚያ ድረስ ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢዋ ባለ ሞባይል ቤቶች አንድ ነገር እለምናለሁ። ለደንበኛ የምትልኩበትን ስልክ ቢያንስ እናንተ አፕዴት አድርጉት፤ ከእናንተ የሚወጣው ስሪት ነው ገጠር ድረስ የሚሄደው። ፋይል ለማላላክ ብቻ ከሆነ ደግሞ አንድሮይድ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የራሱ መንገድ አለው፤ ኒርባይ ሼር ይባል ነበር፣ አሁን ኩዊክ ሼር ነው የሚባለው። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ አንድሮይድ 6 እና ከዚያ በላይ ባላቸው ስልኮች ላይ አብሮ አለ፣ ተጨማሪ አፕ አያስፈልገውም። ስልኩን ከማስረከባችሁ በፊት ከላይ ወደ ታች ጎትታችሁ ምልክቱን አሳዩአቸው።